ዘይት ያልተጻፈበት ወረቀት

ተባባሪ ሰው ማለት፣ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ባልደረባ ያልሆነ፣ ደመወዝም መታወቂያም የሌለው፣ ነገር ግን በሙያው እንዲያግዝ በጽሑፍ ሲጠየቅ የሚያግዝ ማንኛውም ሰው ነው። ተባባሪ ሰው ድምፅ አያሰማም፤ ምልክት አይተውም፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ የገባበትን ደጃፍ ዳግም አይረግጥም። የዚህ ትርጉም የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከመሥሪያ ቤቱ አዋጅ የተቀዳ ነው። የቀረውን የጨመረው ጋሽ ቁልፌ ራሱ ነው፤ ያውም በቃል ሳይሆን በኑሮው።

ጋሽ ቁልፌ የሰፈሩ ቁልፍ ሠሪ ነው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የቀበሌው መዝገብ ብቻ ናቸው። ሱቁ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ አዳሽ መካከል የተሰነቀረች ስለሆነች፣ ሁለት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ከገቡ ሳይተዋወቁ አይወጡም። በግድግዳው ላይ ያልተቀረጹ ቁልፎች በየዐይነታቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ከጠረጴዛው ዳር የመቅረጫ ማሽኑ አለ፤ ከማሽኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ቆማለች። ዘይቱን የሚቀምመው ራሱ ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት ላይ ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። እንዳይሸት ነው ይላል። ጎረቤቱ የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ግን፣ «ጋሽ ቁልፌ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል፤ እንደ ጥርስ ሐኪምም ሰው አፉን ሲከፍት እንጂ እሱ ሲናገር አይሰማም» ትላለች።

እውነቷን ነው፤ ነገር አይወጣውም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማን በማን ላይ ቁልፍ እንደቀየረ፣ የትኛው ባል ከየትኛው ቤት እንደተቆለፈበት፣ የትኛዋ ልጅ የእናቷን ቁም ሣጥን እንዳስከፈተች ያውቃል፤ አንዱንም ለሰው አላወራም። የዚህ ሁሉ ጥበብ ባለቤት የገዛ ቤቱ በር ግን ሲከፈት ሰፈር ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሁልጊዜ ትነተርከዋለች፦

«የሰውን በር ስታባብል ውለህ ትመጣለህ። የእኛስ በር የእንጀራ ልጅ ነው?»

«ይጩህ» ይላታል። «ቢያንስ ማን እንደገባ እናውቃለን።»

አንድ ቀን፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ወደ ሱቁ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ጫማው ንጹሕ፣ ሰላምታው ረጅም። በሩን ከውስጥ ገርበብ አድርጎ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣና የአዋጁን አንቀጽ አሥራ አራት፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው በረጋ ድምፅ አነበበለት። በጽሑፍ በቀረበ ጥያቄ መሠረት ድጋፍ የሰጠ ሰው፣ ስለሰጠው ድጋፍ በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። በጥያቄው ላይ የተመለከተውን ድጋፍ ለሌላ ሰው የገለጸ ግን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል።

«ገባህ?» አለው ባለ ግራጫ ጃኬቱ። «ይህ ወረቀት ጃንጥላ ነው። የተጻፈውን ከሠራህ ዝናብ አይነካህም። ካልተጻፈው ውስጥ ከገባህ ግን ከጃንጥላው ወጣህ ማለት ነው፤ እኔም አላውቅህም።»

«እምቢ ብልስ?»

«አትገደድም። አዋጁ ማንንም አያስገድድም።» ሰውዬው ፈገግ አለ። «የንግድ ፈቃድህ የሚታደሰው በየትኛው ወር ነበር?»

ጋሽ ቁልፌ ፈረመ። ወረቀቱ ተነበበለት፣ ተፈረመ፣ ተመልሶ ወደ ጃኬቱ ኪስ ገባ፤ በእጁ የቀረ ነገር የለም። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሮች ከፈተ፣ ቆለፈ፣ ረሳ፤ ወይም የረሳ መሰለው። ይህ ታሪክ የአራተኛው በር ነው።

በአራተኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በሦስተኛው ፎቅ በስተግራ የሚገኘውን የመግቢያ በር አንድ ጊዜ መክፈትና መልሶ መቆለፍ።» ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። የቤቱ ባለቤት ለዐይን ሕክምና እንደሄዱና እስከ ስድስት ሰዓት እንደማይመለሱ ተነግሮታል። ባለ ግራጫ ጃኬቱ ትንሽ ሻንጣ ከያዘ ሌላ ሰው ጋር ከኋላው ቆመ። ቁልፉ ያረጀ ግን ጨዋ ቁልፍ ነበር፤ ደቂቃ ሳይሞላ እጅ ሰጠ። በሩ ግን አልሰጠም። ገና ገፋ ሲያደርገው ከላይ እስከ ታች፣ ረዥም፣ የሰው ልቅሶ የሚመስል ሲጢጥታ አሰማ። የደረጃው ግድግዳ ድምፁን ተቀብሎ ሁለት ፎቅ ወደ ታች አወረደው።

ጋሽ ቁልፌ ቀጥሎ ያደረገውን አስቦ አላደረገም። የሚጮህ ማጠፊያ ሰምቶ ያለፈበት ቀን በዕድሜው የለም፤ ከራሱ በር በቀር። እጁ ብቻዋን ወደ ኪሱ ገባች፣ ጠርሙሷን አወጣች፣ ለሦስቱም ማጠፊያዎች ጠብ ጠብ አደረገች፤ በጨርቅም ጠረገች። በሩን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ዝም አለ። ባለ ግራጫ ጃኬቱ ሳይቀር በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ባለ ሻንጣው ገባ። ጋሽ ቁልፌ ከደፉ ላይ ቆሞ ማየት የማይገባውን ቤት አየ። የንባብ መብራት፣ እጀታው በክር የተጠቀለለ ማጉያ መነጽር፣ በብርጭቆ የቆሙ ቀያይ እርሳሶች። ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በአንደኛው መደገፊያ ላይ በጥንቃቄ የታጠፈ የወንድ ካፖርት ተንጠልጥሏል። ባለ ሻንጣው ሬዲዮ የተቀመጠበት መደርደሪያ ሥር ተንበርክኮ ጥቂት ቆየና ተነሣ። ሲገባ ሻንጣውን የያዘበት ትከሻ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ሲወጣ ቀጥ ብሏል። ጋሽ ቁልፌ አልጠየቀም። በሩን ቆለፈ፤ በሩም ያለ አንዳች ድምፅ ተዘጋ።

ያን ቀን ያ ዝምታ ተከትሎት ቤቱ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። የራሱ ሬዲዮ የተቀመጠበት መደርደሪያ ሥር እየተጎነበሰ አንድ ሁለት ጊዜ ተመለከተ፤ ያገኘው ከዓመት በፊት የጠፋ የሚስቱን መርፌ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ሰው በር ሳያሰማ ከገባበት ይደነግጥ ጀመር። «አንተ ሰውዬ፣ ዕዳ ላይ ነህ ወይስ ሴት ላይ?» አለችው ሚስቱ። «ሁለቱም አቅም ይጠይቃል» አላት፤ ሳቀችና ተወችው።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ አራሚ ወደ ሱቁ መጡ። ሰፈሩ እንዲህ የሚላቸው በማተሚያ ቤት ለሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ስሕተት ሲያርሙ ስለኖሩ ነው። ዐይናቸው ቢደክምም የጎደለችን ነጥብ ከክፍሉ ማዶ ያያሉ ይባልላቸዋል። ገብተው አልተቀመጡም፤ ቆመው ግድግዳውን፣ ማሽኑን፣ ጠርሙሷን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ቁልፍ ይጠፋል፤ ይሰበራል። የበር ጩኸት ግን ይጠፋል?» አሉት።

«እንዴት እትዬ?» አለ ጋሽ ቁልፌ።

«በሬ ሃያ ዓመት ሙሉ ይጮህ ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ዘይት እንዳይነካው ብሎኝ ነበር፤ ሲገባ እንድሰማው። እሱ ከሞተ በኋላም በሩ ሲጮህ እሱ የገባ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፤ ዐውቄ የያዝኩት ሞኝነት ነው። ከሐኪም ቤት የተመለስኩ ዕለት በሩ ዝም አለኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዕቃ አልጠፋም። ሰው ግን ገብቷል። ለልጄ ብነግረው ሳቀብኝ። ‹ማጠፊያ ሊያለሰልስ የሚገባ ሌባ የት አለ?› አለኝ። ፖሊስ ጣቢያም ሄድኩ፤ እነሱማ ‹ሌባውን ካገኙት ለእኛም ይላኩልን፣ የጣቢያው በር ይጮኻል› አሉኝ።»

«በር በራሱም ይለሰልሳል እኮ እትዬ። የአየሩ ሁኔታ…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። በሕይወቱ ስለ ማጠፊያ ውሸት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ምላሱ አልለመደችውም።

እትዬ አራሚ አንዲት ቁልፍ አስቀርጸው ሄዱ።

በማግስቱ ልጃቸው መጣ፤ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የደከመው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። «ጋሼ፣ እናቴ ሌት ተቀን ሰው ገባ ትላለች። ሐኪሙም ብቻዋን መኖር የለባትም ብሏል። ወደ እኔ ቤት ልወስዳት ነው፤ ቤቱን ለአከራዩ አስረክባለሁ። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። ‹ባለሙያ ይምጣና ይመልከት፤ አልተነካም ካለ እሄዳለሁ› ብላለች። ማን ይምጣ ስላት አንተን ጠራች። ቅዳሜ ብቅ ብለህ ‹አልተነካም› በላትና እንገላገል። አንድ ቃል ናት።»

አንድ ቃል ናት። ጋሽ ቁልፌ ያቺን አንድ ቃል ተሸክሞ አራት ቀን ዞረ። ቢናገራት ሕጉ ይመሰክርለታል፤ እሳቸው ግን ከባላቸው ካፖርት፣ ከሁለቱ ወንበሮችና ከቀያዮቹ እርሳሶች ተነቅለው በልጃቸው ሳሎን እንደ ጤና ቢስ ይቀመጣሉ። ተከፍቷል ቢል አምስት ዓመት አለ። ዝም ቢልም ልጁ ዝምታውን «አልተነካም» ብሎ ይተረጉመዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው፦ የሚናገረው በዚያ ክፍል፣ ባለ ሻንጣው ሥሩ ጆሮ ትቶበት በሄደው መደርደሪያ ፊት ነው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባና የአዋጁን ቅጂ ጠየቀ። ሴትዮዋ ከመደርደሪያ አውጥታ አባዛችለትና፣ «ምነው ጋሽ ቁልፌ፣ በስተርጅና ጥብቅና ልትጀምር ነው? እንኳን ለመከራከር ለመሳልም ቀጠሮ የምትይዝ ሰው» አለችው።

ቅጂውን ይዞ ሱቁን ዘጋና ጣቱን በየቃሉ ላይ እያሳረፈ አነበበ። አንቀጽ አሥራ አራትን ሃያ ጊዜ ያህል ደገመው። ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ማንኛውም ቁልፍ አንድ የላላ ቦታ እንዳለው ያምናል፤ አዋጅንም ከዚህ ሕግ ነጻ አላደረገውም። ወደ ማታ ገደማ ጣቱ ቆመች። ቅጣት የሚያስከትለው «በጥያቄው ላይ የተመለከተውን ድጋፍ» መግለጽ ነው። በጥያቄው ላይ የተመለከተው ምን ነበር? መክፈትና መቆለፍ። ዘይት አልተመለከተም። ዘይቱ የማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ከጃንጥላው ውጭ የፈሰሰ ነው። ስለዚህ ስለ ዘይቱ የሚከላከልለት ሕግ የለም፤ ስለ ዘይቱ አፉን የሚዘጋውም ሕግ የለም። ሰው ቤት ደፍ ላይ ያለ ፈቃድ ማጠፊያ የነካ ተራ ጥፋተኛ ነው። ይህን ሲረዳ፣ ለሳምንታት ያላደረገውን አደረገ፤ ድምፁን አውጥቶ ሳቀ። ከዚያ የላላውን ቦታ ያገኘው እሱ ብቻ ቢሆንስ፣ ዳኛ ባያገኘውስ ብሎ አሰበና ሳቁ አለቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አንድ ጊዜ የገባበትን ደጃፍ ዳግም ረገጠ። በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተለት። መብራቱ፣ ማጉያው፣ ካፖርቱ በቦታቸው ነበሩ፤ ሬዲዮውም። እትዬ አራሚ ከአንደኛው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው እንደ ዳኛ መካከል ላይ ቆሟል።

ጋሽ ቁልፌ ተንበርክኮ ቁልፉን መረመረ፤ የራሱ ሥራ ስለነበረ የሚፈልገውን ወዲያው አገኘ። ብድግ አለ።

«እህ፣ ተከፍቷል?» አለ ልጁ።

«ስለ ቁልፉ የምናገረው ነገር የለኝም።»

«አልተነካም ማለትህ ነው?»

«የለኝም ማለቴ ነው።» ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገር። «ስለ ማጠፊያው ግን አለኝ። ማጠፊያውን ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ሦስቱንም። ማንም አላዘዘኝም፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ የገዛ እጄ ክፉ ልማድ ነው።»

«መቼ? ማን አስገባህ?» አለ ልጁ።

«እሱን አልመልስም።»

«ልከስህ እንደምችል ታውቃለህ?»

«ስለ ዘይቱ ትችላለህ። መብትህ ነው።»

ልጁ ወንበር ፈልጎ፣ ካፖርቱ በተንጠለጠለበት ላይ ሊቀመጥ ሲል እናቱን አየና ተወው፤ ቆሞ ቀረ። እትዬ አራሚ ግን ጋሽ ቁልፌን ሳይሆን ጋሽ ቁልፌ ያየበትን አቅጣጫ ነበር የሚመለከቱት። ዕድሜ ልካቸውን፣ ደራሲው ያልጻፈውን ከተጻፈው መሐል ሲፈልጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ። ካፖርቱን ከመደገፊያው አነሡ፣ አራገፉት፣ ሄደው ሬዲዮውንና መደርደሪያውን እስከ ግርጌው ሸፈኑበት። ክንዱን አስተካከሉለት፤ ሰው እንደሚያለብሱ።

«ሱቅህ የመጣሁ ቀን ነው ያወቅሁት» አሉት ሲመለሱ። «ቅርንፉድ። በሬ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። ስትናገር ልሰማህ ብዬ ነው የጠራሁህ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው፦ «አላበድኩም አይደል?»

«አላበድሽም እማዬ» አለ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቤቱን አላስረክብም።» ዐይኖቹን ከካፖርቱ ላይ መንቀል አልቻለም።

እትዬ አራሚ ጋሽ ቁልፌን እስከ በሩ ሸኙት። ይወቅሱኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ «የጓዳዬ በርም ይጮኻል» አሉት። «እሱን እንዳትነካብኝ። የቀረኝ እሱ ነው።»

ደረጃውን ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለ ግራጫ ጃኬቱን ጠበቀ። የሱቁ በር ላይ የሰው ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና አለ፤ የመጣው ግን ቁልፉ የጠፋበት ተማሪ፣ ቁልፏን የሰበረች ሙሽራ ነው። ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ሳምንትም አለፈ። የንግድ ፈቃዱ እንኳ ያለ አንዳች ጥያቄ ታደሰ። በሦስተኛው ሳምንት ማፏጨት ጀመረ፤ የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ከግድግዳው ማዶ፣ «ማሽኑ ተበላሸ እንዴ ጋሽ ቁልፌ?» አለችው።

ሐሙስ ዕለት ሥራውን በጊዜ ጨርሶ ቤቱ ሄደ። ቁልፉን አስገባ፣ አዞረ፣ በሩን በትከሻው ገፋ፤ ጩኸቱን ለመቀበል እንደ ልማዱ ፊቱን አጨፈገገ።

በሩ ዝም ብሎ ተከፈተ።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ምነው ድምፅ ሳታሰማ ገባህ! ኤዲያ፣ በስተመጨረሻ ሰማኸኝ ማለት ነው። ተባረክ። ያን ጩኸት ዐሥር ዓመት ስለምንህ ነበር።»

ጋሽ ቁልፌ ከደፉ ላይ እንደቆመ ነው። «ዛሬ ወጥተሽ ነበር?»

«ረፋዱ ላይ፣ ክር ልገዛ። ብዙም አልቆየሁ። ምነው?»

ጣቱን በላይኛው ማጠፊያ ላይ አሳረፈና አሸተተ። ቅርንፉድ የለውም። ጎንበስ ብሎ የታችኛውንም ነካ፤ እሱም ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ጠብታ አልነበረም፤ በጨርቅ ተጠርጓል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ እጁ ልማድ ያለበት ሰው ሥራ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ሚስቱ።

ቀና ብሎ ሬዲዮ የተቀመጠበትን መደርደሪያ አየ።

«ምንም» አላት በለሰለሰ ድምፅ፤ በሩንም መልሶ ዘጋው።